ልጄ ስለ ጓጉንቸሩ የጻፈችው ወረቀት

ሴትዮዋ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው የልጄን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ የልጄን እጅ ግን ከሺህ እጅ መሐል እለየዋለሁ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ "ኤ" ተጽፎበታል። "ኤ" ጥሩ ማለት እንደሆነ አውቃለሁና ለሽልማት የመጣች መስሎኝ ልስቅ ነበር። ከታች ግን ሦስት መስመር በቢጫ ተቀልሟል። ሴትዮዋ ጣቷን ቢጫው ላይ አድርጋ፣ በስልኳ ድምፁ ለሚሰማው አስተርጓሚ አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ጉሮሮውን ጠረገና በአዲስ አበባ አማርኛ፣

"እናቴ፣ ልጅዎን ቤት ውስጥ ቆልፈውባት ይሄዱ ነበር ወይ? ብላ ትጠይቃለች" አለኝ።

አደጋው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ የመጣችው ልጅ ከወላጅ ከሚወስደው መሥሪያ ቤት ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁ እህቶቼ፣ ደግሞም እንደ እኔ ልጅ ይዛችሁ ለወጣችሁ እናቶች ነው። ቦጋለች እባላለሁ፣ የጫኖ ልጅ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ከአርባ ምንጭ የወጣነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ባለቤቴ ጌታሁን ቀድሞን ካናዳ ገብቶ፣ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው እኔንና ልጃችንን ቃልኪዳንን የወሰደን። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ወጣ። መንገዱ በጫኖ በኩል ነውና ታናሽ እህቴ ዘነቡ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ሾፌሩን "ወንድሜ፣ አንዴ አቁምልኝ፣ እህቴ ናት" ስለው "እናት፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው እህት አለው" ብሎኝ አለፈ። በመስኮት አየኋት። ሙዙን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቀረች። ከጫኖ ቀጥሎ ያለችውን ላንቴን እስክናልፍ አለቀስሁ፤ ከዚያ ልጄ አይታኝ እንዳትፈራ ብዬ ተውሁት።

ካናዳ ስንደርስ ኤርፖርት ላይ ያለው ሰው ሻንጣዬን ከፍቶ ደርቆ የተፈጨውን የሽፈራው ቅጠል አገኘ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጋ ያለ ሽፈራው ቅጠል ምሳ የለም።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ፤ ልጄ ቃል ናት የምታስተረጉመው።

"ቅጠል ነው።"

"ለምን ይሆናል?"

"እንበላዋለን።"

"ስትበሉት ምን ይሰማችኋል?"

"እንጠግባለን" አልሁት።

ሰውየው ውሻ አስመጣ። ውሻው አንዴ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ያን ያህል መንገድ ተሸክሜው፣ ውሻ እንኳ ናቀው! ቅጠሉን ግን ያው ጣሉት።

የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ እዚህ ቤዝመንት ይሉታል። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚያልፍ ሰው ጫማ እንጂ ፊት አይታይም። በረዶው ሲወርድ ደግሞ ጫማውም ይጠፋል። የአርባ ምንጭ ሙቀት አስመርሮን ጥላ ስንፈልግ የነበርን ሰዎች፣ እዚህ ጌታሁን አንድ ቀን ፀሐይ ባየ ቁጥር "ውጪ! ውጪ! ሳይወስዱት!" ይለኛል። እሱ ሥጋ ፋብሪካ ነው፣ እኔ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። ሙዝ በየሱቁ ሞልቷል፣ ጣዕሙ ግን የታጠበ ሙዝ ነው የሚመስለው።

ቃልኪዳን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ብሪቲሽ ሊትሬቸር የሚባል ክፍል አላት፤ የድሮ እንግሊዞች የጻፉትን ማንበብ ነው። መጽሐፉ እንደ ጡብ ይከብዳል። ማታ ማታ ሠላሳ ገጽ አንብባ፣ ስለ አነበበችው አንድ ገጽ መጻፍ አለባት። እኔ ልብስ ሳጥፍ እሷ አጠገቤ ጮክ ብላ ታነባለች። አንድ ቀን፣

"ስለ ምንድን ነው?" አልኋት።

"የድሮ ልጆች ናቸው ማዬ። ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፣ ይራባሉ፣ ይገረፋሉ።"

"እናቶቻቸውስ?"

ገጹን አገላብጣ፣ "ስለ እናቶቹ ብዙም አይልም" አለችኝ።

"እንግሊዝ ልጅ የሚወልደው ማን ሆኖ ነው?" አልሁ። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መጽሐፍ በኋላ መምህሯ አሳይመንት ሰጠች። "ከልጅነታችሁ አንድ ክፍል ምረጡ፤ የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች እንደሚጽፉት አድርጋችሁ ጻፉ" የሚል ነው። ልጄ የመረጠችው ክፍል አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተከራይተን የነበረችውን አንዲት ክፍላችንን ነው። የጻፈችውም ከውጭ የተቆለፈውን በር ነው።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። አባቴ የደጋ ሰው ነበር፣ ከጨንቻ በላይ። እናንተ የጋሞ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ልንገር። በእኛ ባህል ሰው የማይገባ ነገር ሲሠራ ጎሜ ይባላል። ጎሜ ከተደበቀ ከሠራው ሰው አልፎ ልጁን ይይዛል፤ ከብቱን፣ ማሳውን ይይዛል። መድኃኒቱ መናገር ነው። ሽማግሎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻው ትቆማለህ፣ ያልተጠየቅኸውንም ጭምር ትዘረግፋለህ፣ ታርቀህ ትገባለህ። የካደ ሰው ነው የሚፈራው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ንስሐ አባት አለኝ፤ ቢሆንም ይህ ነገር ከአባቴ ቤት ጀምሮ ደሜ ውስጥ አለ።

እና ሴትዮዋ እስክሪብቶ ይዛ ተዘጋጅታ "ልጅሽን ቆልፈሽባት ነበር?" ስትለኝ፣ እግሬ ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ልቤ ግን ዱቡሻ ቆመ።

"አዎን፣ ቆልፌባታለሁ" አልሁ። "መትቻታለሁም። በልጅነቷ ጭኗን ቆንጥጫታለሁ። አንዴ ከትምህርት ቤት ቀርታ ኩልፎ ወንዝ ስትዋኝ ውላ በዋሸችኝ ጊዜ በበርበሬ አጥኛታለሁ።"

ከዚያ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እናቴ... የተጠየቁትን ብቻ ቢመልሱ..."

ሴትዮዋ ጆሮዋን አቀናች። አንድ ነገር አለችው። እሱም ተደናግጦ፣ "'ለእሷ ምን አልሃት?' ትለኛለች። ምክር መስጠት አልተፈቀደልኝም። ስለ በርበሬው የተናገሩትን ልተርጉመው?"

"ተርጉመው! ተደብቆ ልጄን እንዳይይዝብኝ" አልሁት።

ተረጎመው። እኔ ቀለል አለኝ። አሁን ሴትዮዋ "ይበቃል፣ ይለፍ" ትለኛለች ብዬ ፊቷን አየሁ። እሷ ግን ሁለተኛ ገጽ ገለጠች።

"በርበሬው ስንት ጊዜ? ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር? ሐኪም አይቷታል? እዚህ አገር ከገባችሁ በኋላስ?"

"እዚህ ምንም አላደረግኋትም። ስንመጣ ተሰናበትሁት።"

"ምኑን?"

"መምታቱን።"

ይህንንም ጻፈችው። ስትነሣ፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት ብቻዋን እንደምታነጋግራት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሳ መጥታ ልጄ ከእኔ ጋር ትቆይ ወይም ለጊዜው ሌላ ቤት ትሂድ የሚለውን እንደምትወስን ነገረችኝ። "ሌላ ቤት" የሚለውን አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ነው ያለው፤ እኔ ስላልመለስሁ ያልሰማሁ መስሎት።

በሩን እንደዘጋሁ አከራያችን ከላይ ወረደ። ሽማግሌ ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን መኪና ሲቆም ታርጋ ያነባል። "የመንግሥት መኪና ነው። ችግር አለ?" አለኝ በእጁ ጭምር እያስረዳ። የማውቃትን እንግሊዝኛ ሰብስቤ "ኖ ፕሮብሌም። ስኩል። ቬሪ ጉድ፣ ኤ" አልሁት። "ኮንግራጁሌሽን!" ብሎኝ ሄደ።

ጌታሁን ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ፊቴን ያየው።

"ምን አለች?"

"ጠየቀችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ሁሉንም።"

"ሁሉንም ማለት?"

"በርበሬውንም።"

ሰውየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ቦጌ! ይቺ ሴትዮ ሽማግሌ ናት? ይህ ዱቡሻ ነው?"

"ብዋሽ ልጄን ይይዛታል ብዬ ነው።"

"አሁንስ ማን ያዛት?"

እህቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ አገር የተናገሩት ነገር ያልቃል፤ እዚህ የተናገሩት ይጀምራል። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ቃል ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አነጋግረዋታል።

"ማዬ፣ እኔ ማርክ ፈልጌ ነው። መምህሯ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ጨለማውን ያጠቁሩታል አለችን፤ እኔም አጠቆርኩት። እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።"

"ውሸት ነው የጻፍሽው?"

መሬት መሬት አየች። "አይደለም" አለች።

ያ "አይደለም" የሚለው ቃል ከሴትዮዋ ሁለት ገጽ በላይ ከበደኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ረስታዋለች ብዬ ነበር የኖርሁት።

ጌታሁን ጣልቃ ገባ። "ስሚኝ ልጄ፣ ሐሙስ ስትመጣ ልብ ወለድ ነው በያት። ለክፍል ብዬ የፈጠርኩት ነው በያት። አለቀ!"

"ትምህርት ቤት እውነት ነው ብያቸዋለሁ አባዬ። እማም አዎን ብላለች።"

"እንግዲያው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል በሉ!"

ከዚያ እስከ እሑድ እንዴት እንደከረምን አትጠይቁኝ። ሥራ ቦታ አንሶላ ሳጥፍ ጫፍና ጫፉ አይገጥምልኝም። ልጄ ስትወጣ ጃኬቷን ዚፕ አደርግላታለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዝም ብላ ትቆምልኛለች። የመጨረሻዬ እየመሰለኝ ነው። ከአበሻ ሴቶች አንዷ "ወሰዱ ማለት ወሰዱ ነው፣ አሥራ ስምንት ሲሞላት መንገድ ላይ ታገኛታለሽ" አለችኝ። ሰው ሲያጽናና እንዲህ ነው እንግዲህ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቃል ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

"ማዬ፣ ሁለተኛ ክፍል አለው አሳይመንቱ። ማክሰኞ ነው የማስገባው። በታሪኩ ውስጥ ያለው የሌላው ሰው ድምፅ መሆን አለበት። ያንቺ ማለት ነው። ልጠይቅሽ?"

"ይቅር፣ ሌላ ነገር ጻፊ" አላት አባቷ። እሷ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

"ለምንድን ነው የቆለፍሽብኝ?"

እንደ ሴትዮዋ እስክሪብቶ ይዛ ተዘጋጅታለች። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ተቀመጥሁ።

ነገርኋት። አባቷ በሄደ ጊዜ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወርጄ ከአሳ አጥማጆች አሳ እገዛ ነበር፤ እዚያው ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ፣ ላይኛው ከተማ ሴቻ ላሉ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። መጀመሪያ ይዣት ነበር የምወርደው፣ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ጠዋት እኔ ቢላዋዬ ላይ አጎንብሼ፣ እሷ ጫማዋን ልታጥብ ወደ ውኃው ሄዳለች። አንድ አጥማጅ ጮኸና በቀሚሷ አንገት አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ወረወራት። ስዞር እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ውኃው ይንቀሳቀሳል። አዞውን አላየሁትም፤ ውኃውን ነው ያየሁት። በማግስቱ ጓጉንቸር ገዛሁ።

"ይህን አላስታውስም" አለች ልጄ። እጇ መጻፉን ትቷል።

"አንቺ ታለቅሺ የነበረው ጫማሽ ውኃ ገባ ብለሽ ነው።"

"ለጎረቤት ለምን አልሰጠሽኝም?"

"ባሏ ውጭ ያለ ሴት ልጇን ለጎረቤት ስታስጠብቅ ምን እንደምትባል አታውቂም። 'ዶላር እየበላች ልጇን እኛ እንጠብቅላት!' ይሉኛል ብዬ ነው። ዶላሩ ገና አልመጣም ነበር፤ ኩራቴ ግን ነበረ።"

ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። ምክንያቴን ተናግሬአለሁ፣ አዞውም ለእኔ መስክሮልኛል። ግን ለዚያች ሴትዮ ሁሉን ዘርግፌ ስነግራት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ለንስሐ አባቴም፣ ለባሌም ያልነገርሁት።

"ሌላም አለ" አልሁ። "ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ተመልሼ እከፍትልሽ ነበር፤ ዳቦና ውኃ ትቼልሽ ነው የምሄደው። አንድ ቀን አሳውን የጫነችው ፒካፕ መንገድ ላይ ተበላሸች። ሮጬ ልምጣ ወይስ አሳውን ልጠብቅ አልሁ። ጥዬው ብሄድ በፀሐይ ይሸታል፣ ይጣላል። አሳውን ጠበቅሁ። ስመጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። በሩን ስገፋው አልከፈት አለኝ፤ በሩ ሥር ተኝተሽ ነበር። ድምፅሽ ጠፍቶ ነበር። ጥፍሮችሽ... በሩን ቧጥጠሽው ነበር። አሳውን መረጥሁ ልጄ። አንቺን አይደለም የመረጥሁት።"

ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውጭ የአከራያችን አካፋ በረዶውን ሲዝቅ ይሰማል።

"ይሄ ነው የማስታውሰው" አለች ቃል። "ይሄን ቀን ነው። በሩን ጭር ጭር ሳደርገው። ሌሎቹን ቀናት አላስታውስም።"

ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣች። "ልጻፈው?"

"አትጻፊው!" አለ አባቷ። "ያ ወረቀት የት እንደሚደርስ አላየሽም? አዞውን ጻፊ፣ አሳውን ተይው!"

ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጌታሁን ልክ ነበር፤ በአዞው ብቻ እናመልጥ ይሆናል። ልጄን ግን አየኋት። አትጻፊው ብላት አትጽፈውም፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደገና ቆለፍሁባት ማለት ነው።

"ጻፊው" አልኋት። "እኔ እንደነገርሁሽ አድርገሽ። አታጥቁሪው፣ አታንጪውም።"

ሐሙስ ሴትዮዋ መጣች። መምህሯ ሁለተኛውንም ወረቀት ሰጥታታለች፤ ከቦርሳዋ ስታወጣው አየሁት። ያው የቀድሞው አስተርጓሚ ነው ስልኩ ላይ ያለው፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ አወቅሁት። ሴትዮዋ ከእኔ ጋር ብዙም አላወራችም። ልጄን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

አንድ ብርጭቆ አጠብሁ። አደረቅሁት። መልሼ አጠብሁት። ጌታሁን ፈረቃውን ቀርቶ ነበርና ቆሞ መስኮቱን ያያል፤ ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ብቻ ነው ያለው። ከበሩ በስተጀርባ የልጄ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይሰማኛል፤ የሚሰማኝ ዜማው ነው፣ ቃሉ አይገባኝም። ልጄ ስለ እኔ ትናገራለች፣ እኔ አልሰማም። አንዴ ሴትዮዋ ሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው ሲረዝም ልብሶቿን እያስለቀመቻት ነው ብዬ ወንበሩን ያዝሁ።

በሩ ተከፈተ። የልጄን እጅ አየሁ፤ ቦርሳ አልያዘችም።

ሴትዮዋ ተቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች፣ አስተርጓሚውም እየተከተላት፣ "ልጅዎን አነጋግሬያታለሁ። አሁን፣ በዚህ ቤት፣ የሚያሰጋት ነገር አላገኘሁም። ያ ቀን በጣም ከባድ ነገር ነው፣ እንደ ቀላል አላየውም። ግን ልጅዎ ጠይቃዎት እውነቱን ነግረዋታል፣ እንዲጻፍም ፈቅደዋል። ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ልጅቷ እዚሁ ትኖራለች። ማክሰኞ ማክሰኞ የወላጆች ትምህርት አለ፣ እሱን እንዲከታተሉ እፈልጋለሁ" አለኝ። ቀጥሎም "እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ! ይቅርታ፣ ይኼ የእኔ ነው፣ እሷ አላለችም" አለ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ልጅ ማሳደግ እማራለሁ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ ልጄን አሳድጌ ከጨረስሁ በኋላ! የቤት ሥራም ይሰጡናል፤ ቃል ናት የምታነብልኝ። "ማዬ፣ አጠር አድርገሽ መልሺ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ" እያለች ትስቅብኛለች። እንደ እኔ ለወጣችሁ እናቶችም የምለው ይህንን ነው። እዚህ አገር የጠየቀሽ ሁሉ ሽማግሌ አይደለም፤ የተጠየቅሽውን በእውነት መልሺ፣ ከዚያ አፍሽን ያዢ። ሁሉን መናገር ያለብሽ ለበደልሽው ሰው ነው። እኔ ያንን አገላብጬ ጀመርሁና ልጄን ላጣ ነበር።

ሴትዮዋ የሄደች ዕለት ቃልን "ይቅር ብለሽኛል?" ብዬ ጠየቅኋት። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ መሐላችን ገብቶ፣ እርጥብ ሣር ይዞ፣ "በሉ ታረቁ" ብሎ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። እዚህ ሁለታችን ብቻ ነን። አሰበችና፣

"ገና ነው ማዬ" አለችኝ። "ግን የትም አልሄድም።"

ይበቃኛል አልኋት። አገር ቤት ያሉ ሽማግሎች ናፈቁኝ፤ መሐል የሚገባ ሰው ናፈቀኝ።

ከዚያ ዘነቡ ጋ ደወልሁ። ያን ሳምንት ሁሉ ሳለቅስ ስትሰማኝ ከርማ ነበርና ሃሎ እንኳ ሳትል በጋሞኛ "ወሰዷት?" አለችኝ።

"አልወሰዷትም" አልኋት። "ፋይሉ ተዘግቷል። አጠገቤ ተቀምጣ መጽሐፏን እያነበበች ነው። ደህና ነን እህቴ፣ ደህና ነን።"